ፉላኒ አይለምንም

ዶፊኒ ያን ቅዳሜ ጠዋት ፔንዳን ሳይሰድባት ሰላም አላት።

«እንደምን አደሩ ዶክተር» አለ፤ ጓንቱን አወለቀና አንገቱን ሰበር አደረገ።

የፔንዳ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ከቤቷ እስከ ብየዳ ቤቱ ድረስ ሞተር ሳይክሏን እያበረረች የመጣችው ስድብ ናፍቃ ነበርና። ቦቦ ከተማ ውስጥ ከብት አርቢው ፉላኒና አንጥረኛው ከቅድመ አያቶች ጀምሮ የቀልድ ዝምድና አላቸው። በተገናኙ ቁጥር ይሰዳደባሉ፣ «ጌታሽ መጣሁ ተነሺ» ይባባላሉ፤ የሚቀየም የለም። እንዲያውም ፉላኒ አይቶ ያልተሳደበ አንጥረኛ ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል ማለት ነው። ዶፊኒ ሦስት ዓመት ሙሉ «እበት ለቃሚዋ መጣች፣ ወተቱን ደብቁ!» እያለ ነው የተቀበላት። እሷም «አንተ ከሰል፣ መጀመሪያ ፊትህን ታጠብ» ትለዋለች። ይስቁና ወደ ሥራቸው ይገባሉ። ፍቅራቸውም በዚያው በስድቡ መሀል አደገ። አምና አንድ ቀን ዝናብ ይዟቸው ቆርቆሮ ሥር ተጠልለው ሳለ እጇን ያዛት፤ ዝናቡ አባርቶም አልለቀቃትም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ያውቃሉ። በቃል ግን አልወጣም፤ ያው ዝምድና ማሐላም አለው፦ ፉላኒና አንጥረኛ ደም አይፋሰሱም፣ አይጋቡምም።

ያን ጠዋት ግን አንድ ተአምር ሰምታ ነበር። አባቷ አልሃጂ ኑሁን ገንፏቸውን ሳይጨርሱ «የአቢጃኑ ነገር ቀርቷል» አሏት። የአቢጃኑ ነገር ማለት የአጎቷ ልጅ ሐማዱን ነው፤ አቢጃን የሚኖር የከብት ነጋዴ ነው፣ ደግሞም ክፉ ሰው አይደለም። ከአረፋ በኋላ ኒካ ታስሮ እሱ ዘንድ ልትሄድ፣ ሥራዋንም ልትተው ተቆርጦ ነበር።

«ለምን ቀረ አባባ?»

«እንቢ የማይባል ሰው ለመነኝ።»

«ማን?»

«ፉላኒ እንቢ የማይለው ማንን ነው? አንጥረኛን ነዋ! ትናንት ከጁምዓ ስመለስ በር ላይ መሬት ተቀምጦ አገኘሁት።»

ከዚህ በላይ አልሰማችም። ልማዱ እንዲህ ነው፦ አንጥረኛ ፉላኒ ደጅ መሬት ላይ ተቀምጦ የለመነው አይከለከልም። ታዲያ ማንም በከንቱ አያባክነውም፤ ብዙዎች በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ቢለምኑ ነው። ፔንዳ «ለመነኝ! እኔን ለመነ!» እያለች ነው የበረረችው።

አሁን እሱ «እንደምን አደሩ» ይላታል።

«አባቴ ነገረኝ» አለች ለመሳቅ እየሞከረች። «ምን ብለህ ለመንከው?»

«ዶክተሯ አቢጃን እንዳይሄዱ፣ ሥራቸውን እንዳያቋርጡ ብዬ።»

«እሺ፤ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም። እሺ አሉኝ፤ አመስግኜ ተነሣሁ።»

ፔንዳ እንደዚያን ቀን ተናድዳ አታውቅም ቢባል ውሸት የለበትም።

«ለማንጎ ፍሬ!» አለች። «በዕድሜህ አንዴ የምታገኘውን ልመና ለማንጎ ፍሬ አጠፋኸው!»

እውነቱን ለመናገር ይህ የማንጎ ፍሬ የሕይወቷ ግማሽ ነው። ፔንዳ ኬሚካል መሐንዲስ ናት። በቦቦ ዙሪያ ማንጎ እየደረቀ ወደ ውጭ ይላካል፤ ልጣጩና በውስጡ ያለው ጠንካራ ፍሬው ከየማድረቂያው ጓሮ ተከምሮ ይገማል፣ ዝንብ ይወርሰዋል። በዚያ በሚጣለው ፍሬ ውስጥ ግን ለሳሙናና ለቆዳ ቅባት የሚሆን ቅቤ የመሰለ ስብ አለ። ሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ስብ የሚያወጣው ከነዳጅ በሚገኝ መርዛም ፈሳሽ ነው። እሷ ግን ከበሰበሰው ማንጎ አልኮል ታወጣለች፤ በአልኮሉ ስቡንና ምሬቱን ከፍሬው ታጥባለች፤ አልኮሉን መልሳ አጣርታ ደግማ ትጠቀምበታለች። ምሬቱ የወጣለት ዱቄትም ለከብት መኖ ይሆናል። ባሕር ማዶ ተምራ ስትመለስ ይህንኑ በሦስት የሳይንስ መጽሔቶች ጻፈች፤ ተጨበጨበላት። ክምሩ ግን እዚያው ነበር። በጠርሙስ ያማረው ሥራ በበርሜል ሲሞከር እንደ ገንፎ ተጓጉሎ ቱቦውን ዘጋ። ዶፊኒ ነው በርሜሉን አይቶ የሳቀባት። «እናቴ ኩስኩስ የምታበስለው በተበሳ ድስት፣ በእንፋሎት ነው። እናንተ ምሁራን ግን ከታች ትዘፈዝፉታላችሁ!» አላት፤ ከዚያም ዱቄቱ የሚንጠለጠልበት ባለቀዳዳ ቅርጫት ያለው መሣሪያ ቀጥቅጦ ሠራላት።

«ለማንጎ ፍሬ አይደለም፤ ለርስዎ ሥራ ነው» አለ አሁን።

«ርስዎ አትበለኝ! ሥራዬንማ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬም እሠራዋለሁ! ማን ለምንልኝ አለህ? አንተን ማን ይለምንልኝ?»

ዶፊኒ ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «ያ ልመና የተሰጠን ጠብ እንድናበርድበት፣ የታሰረ እንድናስፈታበት ነው። በእኛ ቤት ለራሱ የለመነ አንጥረኛ የለም። ደግሞስ ብለምናቸው ይሰጡኝ ነበር። ወድደው ሳይሆን ተገድደው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ዐይንሽን እያየሁ ‘ወድዳ ነው ወይስ ተሰጥታ?’ እያልኩ ልኑር?»

«አንቺ» ማለቱን ሰማች፤ ልቧ ዘለለ፤ አፏ ግን አልራራም። «እኔን ጠይቀኸኛል?»

ዶፊኒ ከኪሱ የመሣሪያውን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። መሣሪያው ተጠናቅቆ ማንጎ ማድረቂያው ግቢ ገብቷል። እሱም ወደ አጎቱ መንደር፣ ወደ ቤተሰቡ ብረት ቤት ሊመለስ ነው።

«እዚህ ብቆይ ለሁለታችንም አይበጅም» አለ።

ፔንዳ ቁልፉን አንሥታ ወጣች። መንገድ ላይ ሞተሯን ሁለት ጊዜ አቆመች፤ ሁለቱንም ጊዜ ልመለስ ብላ ሳትመለስ ቀረች።

ሰኞ ጠዋት የማድረቂያው ሴቶች መሣሪያውን ከበው ቆሙ። አለቃቸው እማማ ክሎቲልድ ናቸው፤ ስልሳ ዓመት የሞላቸው፣ ድምፃቸው ከገበያ ማዶ የሚሰማ የቦቦ ሴት። የተፈጨውን ፍሬ ሊጨምሩ ቅርጫቱን ሲያወጡ ከሥሩ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አገኙ። «ለዶክተር ፔንዳ፤ ስለ መሣሪያው አያያዝ» ይላል።

«የክዳኑን ብሎኖች ፊት ለፊት እያፈራረቅሽ አጥብቂ፤ በተርታ ከሄድሽ በአንድ ወገን ያፈስሳል። ሙቀቱ ሰባ ስምንት ሲደርስ እሳቱን ቀንሺ። አልኮሉ በመዳብ ቱቦው ተመልሶ ሳያልቅ ክዳኑን እንዳትከፍቺ፤ ትቸኩያለሽ፣ አውቅሻለሁ። የግራው እጀታ ስለሚፋጅ ጨርቅ ጠምጥሜበታለሁ፤ ሌላ ጨርቅ ስላጣሁ ሸሚዜን ነው የቀደድኩት። የሆነ ነገር ቢሰበር ብየዳ የሚያውቅ ማንም ሰው ሊጠግነው ይችላል፤ እኔ መምጣት የለብኝም። ሆን ብዬ እንዲያ አድርጌ ሠራሁት። ከሥራው ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።»

ፔንዳ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ሥራዋን ሠራች። ብሎኑን እንዳላት አጠበቀች፣ እሳቱን እንዳላት ቀነሰች፣ እንዳላት ሳትቸኩል ጠበቀች። ቱቦው አልተዘጋም። አልኮሉ እየተንጠባጠበ ወደ በርሜሉ ተመለሰ፤ ከታች ደግሞ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ስብ ወርዶ ሳህኑ ላይ ረጋ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷ ጣቷን ነክራ ክንዷን ቀባችና «ወይ ጉድ! ይህንን ነው ስንጥል የኖርነው?» ብላ ጮኸች።

የአሥራ አንድ ዓመት ድካም እዚያ ሳህን ላይ ተቀምጧል። ፔንዳ ግን ሳህኑን ይዛ ጥግ ላይ ስታለቅስ እማማ ክሎቲልድ አገኟት።

«ምነው? ተበላሸ እንዴ?»

«ሠመረ እማማ።»

«ታዲያ ለሠመረ ነገር ይለቀሳል? ...አሃ። ያ አንጥረኛ ነው።» አጠገቧ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ፔንዳ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ልመናውን፣ ንዴቷን፣ ደብዳቤውን። አሮጊቷ እያዳመጡ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እናንተ ፉላኒዎች ኩራት ይገድላችኋል» አሉ። «መንገዱ እኮ ወዲያም ወዲህም ያስኬዳል! አንጥረኛም ፉላኒ ስትለምነው እንቢ አይልም። ብቻ ሄዳችሁበት አታውቁም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አንጥረኛ ደጅ መሬት የተቀመጠ ፉላኒ አላየሁም። ማን ልብሱን ሊያቆሽሽ!»

ፔንዳ ቀና አለች። እንባዋ ፊቷ ላይ እንዳለ የሆነ ነገር ማሰላሰል ጀመረች፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ሒሳብ ሲመጣላት እንደምትሆነው ማለት ነው። ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት።

ከሰዓት በኋላ ምሬቱ የወጣለትን ዱቄት በከረጢት ይዛ ቤት ገባች። አልሃጂ ኑሁን በረት ውስጥ ነበሩ። ይህንን የልጃቸውን ሥራ ሲያሽሟጥጡት ኖረዋል፤ «ሐጅ አድርጌ መጥቼ ልጄ አልኮል ጠማቂ ሆነች፤ ኢማሙ እንዳይሰማ» ይሉ ነበር። አምና ያመጣችውን ዱቄት አሮጊቷ ላም አንዴ ቀምሳ ተፍታዋለች። ዛሬ ግን አሸተተች፣ ላሰች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ገንዳው ውስጥ ቀብራ አልወጣ አለች። ሽማግሌው ቀረብ ብለው አዩ። በጋው ሲጠና ስንት ከብት በረሃብ እንደቀበሩ እሳቸውና አላህ ናቸው የሚያውቁት።

«ማን ነው ይህንን የሠራው?» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔና ዶፊኒ።»

አባቷ የላሟን ጀርባ መዳበስ ያዙ።

«አባባ፣ ነገ እሱ መንደር እሄዳለሁ። ሄጄ ልለምን ነው።»

እጃቸው ቆመ። «ምን አልሽ?»

«አንጥረኞቹን ልለምን።»

«ፉላኒ አይለምንም!» አሉ፤ ላሟም ደነገጠች። «ዘጠኝ ትውልድ ስንቆጥር ማንም ሰው ደጅ አልተቀመጥንም። በድርቁ ዘመን እንኳ ከብት አልቆ፣ ልጆች እያለቀሱ፣ አያቴ አልለመነም!»

«አውቃለሁ አባባ። ግን እሱ ለእኔ ሲል ደጃችን መሬት ተቀምጧል። እኔ ከእሱ በምን እበልጣለሁ? በትምህርት ነው? በከብት ነው?» ድምፅዋ ተሰበረ። «አንጥረኞቹ ቢከለክሉኝ እንኳ አላፍርም።»

አልሃጂ ኑሁን ረጅም ጊዜ አዩዋት። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ አይተዋት አያውቁም። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ቤት ገቡ። ፔንዳ በቁጣ ነው የሄዱት ብላ ቆማ ቀረች። ሲመለሱ ግን በእርጥብ ቅጠል የተጠቀለሉ፣ ለሰው ክብር የሚሰጡ አሥር የኮላ ፍሬዎች ይዘው ነበር። ፊቷን ሳያዩ መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

«ባዶ እጅ ሰው ቤት አይኬድም» አሉ። «ብልግና ነው።»

ፔንዳ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች።

በማግስቱ መንደሩ የደረሰችው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ነጭ ቀሚሷ በቀይ አቧራ ተለውሶ። ብረት ቤቱ ከትልቅ ዛፍ ሥር ያለ የሣር ዳስ ነው። ሁለት ጎልማሶች ወናፍ ይነፋሉ። የዶፊኒ አጎት፣ የአንጥረኞቹ ታላቅ አባ ቲየፊን፣ የጋለ ብረት በጉጠት ይዘው የሚቀጠቀጥበት መስፍ ላይ ሊያሳርፉ ነው፤ ዶፊኒ ከፊታቸው መዶሻ አንሥቷል። ሲያያት መዶሻው አየር ላይ ቀረ።

«እዩልኝ!» አሉ አባ ቲየፊን። «ላሟ ጠፍታባት ነው! ልጄ፣ ላም እዚህ የለችም፤ ትናንት በልተናታል!»

«በየትኛው ጥርስዎ አባ ቲየፊን? ከሰል አላምጠው የጨረሱት ጥርስ ላም ይችላል?»

ብረት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዶፊኒ ብቻ አልሳቀም። ፔንዳም ሳቁ ሳይበርድ ኮላውን አስቀምጣ፣ በነጭ ቀሚሷ አመዱ ላይ ቁጭ አለች፤ ቀኝ እጇንም መስፉ ላይ አኖረች። እንዲህ የተቀመጠ ሰው መልሱን አግኝቶ እጁን እስኪያነሣ መዶሻ አይወርድም፤ ይህን እዚያ አገር የማያውቅ ሕፃን የለም።

ሳቁ ተቆረጠ።

«እጅሽን አንሺ! ይፋጃል!» ብሎ ጮኸ ዶፊኒ።

«አንተ ዝም በል» አሉ አባ ቲየፊን። ጉጠቱን አስቀመጡ፤ ቆባቸውንም አወለቁ። «ወደ አንተ አይደለም የመጣችው። ...ፉላኒ በእኛ መስፍ ፊት መሬት ላይ! ይህንን አባቴም አላየ። ተናገሪ ልጄ። ምን ፈለግሽ?»

ሁሉም ዶፊኒን አየ። ምን እንደምትጠይቅ ማን ያጣዋል? እሱም አላጣውም፤ ፊቱ ግን ጨለመ። የፈራው በራሱ መጣበት፤ እንደ ዕቃ ተለምኖ ሊሰጥ ነው።

«ዶፊኒን ስጡኝ ልል አልመጣሁም» አለች ፔንዳ። «እሱ መዶሻ አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም። የምለምነው እርስዎን ነው አባ ቲየፊን። አማላጅ ይሁኑኝ። አባቴ ደጅ ሄደው ይቀመጡና ‘ልጅህ የወደደችውን ታግባ’ ብለው ይለምኑልኝ። ለራስዎ ብለው አይደለም፤ ለዶፊኒም አይደለም። ለእኔ ነው።»

የሽማግሌው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ነገሩን አንድ በአንድ እየተራመዱበት ነው።

«እኔ ፉላኒ ስትለምነኝ እንቢ አልልም» አሉ ለራሳቸው። «ስለዚህ እሄዳለሁ። አባትሽ ደግሞ አንጥረኛ ሲለምናቸው እንቢ አይሉም። ስለዚህ...» ጉልበታቸውን መትተው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ወይ አንቺ! ይህንን ነው እንዴ ባሕር ማዶ የሚያስተምሩት?»

ሳቃቸው ግን ቀስ እያለ ቀረ። «ማሐላውስ ልጄ? በማሐላ አይቀለድም።»

«ማሐላውን ያሰሩት ሽማግሌዎች ናቸው። የሚፈታበትንም የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው ብዬ ነው የመጣሁት። የለም ካሉኝ እጄን አንሥቼ እሄዳለሁ።»

አባ ቲየፊን አመዱን አዩ። «በአያቴ ጊዜ አንድ ጊዜ ተፈትቶ ያውቃል» አሉ በመጨረሻ። «ሁለቱም ወገን ወድዶ ሲመጣ ብቻ ነው፤ አንዱ ካልመጣ አይሆንም።» ከዚያ ቅጠሉን ገለጥ አድርገው ኮላውን ቆጠሩ፤ ዐይናቸው ፈጠጠ። «አሥር! ማን ነው ይህንን የሰጠሽ?»

«አባባ።»

«ኑሁን? ያ ተንኮለኛ እረኛ! አሥር ኮላ እኮ የሽምግልና ነው! በር ላይ ምንጣፍ አንጥፎ እየጠበቀኝ ነዋ! ጫማዬን አምጡልኝ!»

«ዛሬውኑ?» አለ አንዱ ወናፍ ነፊ።

«ፉላኒ ኩራቱ ሳይመለስበት ነዋ! በይ ልጄ፣ እጅሽን አንሺ፤ ብረቱም ቀዘቀዘ።»

«አላነሣም» አለች ፔንዳ። «የእርስዎን መልስ አገኘሁ። የእሱን ገና አላገኘሁም።»

ዶፊኒ ቆሞ ነበር፤ መዶሻው እጁ ላይ ነው፤ ላብ ግንባሩ ላይ።

«ያን ዓርብ ደጃችሁ ስቀመጥ አፌ ላይ የነበረው ስምሽ ነበር። አባትሽ ሲያዩኝ ዋጥኩትና ስለ ሥራሽ ለመንኩ። ለአንቺ ግን ኩራት ነው ብዬ ነገርኩሽ፤ ደግ የሠራሁ መስዬም ሄድኩ። ፍርሃት ነው ፔንዳ። አንድ ቀን ነቅተሽ፣ አንጥረኛ ማግባትሽ ያሳፍርሻል ብዬ ፈራሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እፈራለሁ።»

መዶሻውን ጣለው። አመዱ ላይ ከፊቷ ተንበረከከና ያን ሻካራ መዳፉን መስፉ ላይ፣ ከእጇ ጎን አኖረ። ጎልማሶቹ ወናፉን ለቀቁት። በዚያ ቤት ለራሱ የለመነ አንጥረኛ አልነበረም።

«እኔ ዶፊኒ ለራሴ እለምናለሁ» አለ። «አግቢኝ። ልማዱ አያስገድድሽ፤ እንቢ ካልሽኝም ማንም አይወቅስሽም፣ እኔም አልቀየምም።»

ፔንዳ ዐይኑን አየች። ሦስት ዓመት ሙሉ በስድብ መሀል ስትሰርቀው የኖረችውን ዐይን አሁን ሰው ሁሉ እያየ ጠግባ አየችው።

«ልማድ አላስገደደኝም» አለች። «ወድጄ ነው። እሺ።»

አባ ቲየፊን አንድ እግር ጫማ አጥልቀው፣ ሌላውን በእጃቸው እንደያዙ «ኧረ እኔ ገና አባቷን ሳልለምን!» ብለው ጮኹ። የሰማቸው የለም። ፔንዳ መሳቅ ፈልጋ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት፤ ይምጣ ብላ አልጠረገችውም።